ለመመለሻው መንገድ የመኪናውን ባቡር

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከእንግሊዝ በመኪና ወጥታችሁ አውሮፓን የምትዞሩ ከሆነ ስትሄዱ በመርከብ ተሻገሩ፤ ስትመለሱ ግን መኪና ከነሰዎቹ ጭኖ በባሕር ሥር የሚያሻግረውን ባቡር ያዙ። ስሙ ዛሬ ለሻትል ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም ዩሮቶነል እያለ ይጠራዋል። ከፈረንሳይዋ ካሌ አጠገብ ካለችው ኮኬል ተነስቶ እንግሊዝ ውስጥ ፎልክስተን ያደርሳል፤ መንገዱ 35 ደቂቃ ነው። ይህን አገልግሎት በ35 ደቂቃው ብቻ መመዘን ግን አይቻልም። እዚያ የሚደርስ ሹፌር ከየት ተነስቶ፣ ምን ያህል ነድቶ፣ እነማንን ይዞ እንደሚደርስ አብሮ መታየት አለበት። ስለዚህ ግምገማዬ ከመንገዱ ይጀምራል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ የተነሳነው ከሰሜን ጣሊያን፣ ከኦስታ ሸለቆ ነው። ባለቤቴና እኔ መሪውን እየተቀባበልን እንነዳለን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ የፊት ወንበር የእሷ ነው፤ ከሁለታችን ተራ ያልደረሰው ከኋላ ከልጃችን ጋር ይቀመጣል። ከኦስታ እስከ ካሌ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስንሄድ ይህ ርቀት አይከብድም። ሁሉም ነቅቶ ነው የሚጓዘው፤ ልጅቷ ተራራው መቼ እንደሚመጣ ትጠይቃለች፣ እናቴ ስንቅ ታድላለች፣ ሹፌሩን የሚያጫውት ሰው አይጠፋም። ስንመለስ መኪናው ጸጥ ይላል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ትተኛለች፣ እናቴም አንገቷን ወደ መስኮቱ ጣል ታደርጋለች፣ ከኋላ ያለው አዋቂም ብዙ አይቆይም፤ ሹፌሩ ብቻውን ይቀራል። ከፊቱ የሚጠብቀው የሥራ ሳምንት ነው፤ ከኋላው ደግሞ ቆሻሻ ልብስ የሞላበት ሻንጣ። ድካሙ ሌላ ዓይነት ነው፤ መሄጃንና መመለሻን በአንድ ሚዛን የማልመዝነውም ለዚህ ነው።

የእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ነው። የፈረንሳይ የመንገድ ክፍያ ማሽኖች የተተከሉት ደግሞ በግራ ለሚቀመጥ ሹፌር ነው። ስለዚህ በየክፍያ ጣቢያው ትኬት የምትነቅለው፣ ካርድ የምታስገባው እናቴ ነበረች። ቀበቶዋን ትፈታለች፣ ግማሽ ሰውነቷን በመስኮት ታወጣለች፣ አሁንም ማሽኑ አንድ ክንድ ይርቃታል። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅባት "ቆይ እንጂ! እጄ እኮ ላስቲክ አይደለም!" ብላ በአማርኛ ትመልስለታለች። አሁን የፊት መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ የክፍያ መሣሪያ አለችን። ብርቱካናማ "ቲ" ፊደል ያለበትን መስመር ይዞ መግባት ነው፤ ማሽኑ መሣሪያዋን አንብቦ አግዳሚውን ያነሳል። በአንዳንዶቹ መስመሮች ላይ 30 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ እዚያ መቆምም አያስፈልግም፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዱ ማለፍ ነው። ሂሳቡ በኋላ ከባንክ ይቆረጣል። ቀኝ መሪ ይዞ ፈረንሳይን ለሚያቋርጥ ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው ዕቃ ይህ ነው፤ በተለይ ግራው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው እናቱ ከሆነች።

ከኦስታ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የሞን ብላን ዋሻ ይገጥመናል። 11.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ1965 ጀምሮ ጣሊያንን ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ያገናኛል። ውስጡ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የሚሄደውና የሚመጣው ፊት ለፊት ይተላለፋሉ። ማርች 24 ቀን 1999 ማርጋሪንና ዱቄት የጫነ የጭነት መኪና ውስጡ ተቃጥሎ 39 ሰዎች አልቀዋል፤ ዋሻው እንደገና የተከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ያለው ጥብቅ ደንብ በዚያ ሐዘን የመጣ ነው። ከ50 በታች መጎተት፣ ከ70 በላይ መፍጠን ክልክል ነው። ከፊታችሁ ካለው መኪና 150 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ርቀቱን እንድታውቁት በግድግዳው ላይ በየ150 ሜትሩ ሰማያዊ መብራት አለ። አሠራሩን አከብራለሁ፤ ሲነዱበት ግን ይከብዳል። ዓይን ከመብራቱ ወደ ፍጥነት መለኪያው፣ ከፍጥነት መለኪያው ወደሚመጣው ከባድ መኪና ይመላለሳል። እኔ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ገና ሳይደክመኝ ነው የማልፈው። ደግሞም ከ2023 ወዲህ በየመኸሩ ለእድሳት ለሳምንታት ሲዘጋ ስለቆየ በዚያ ወቅት የምትመለሱ ከሆነ መንገዱ መከፈቱን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አማራጩ የፍሬዡስ ዋሻ ነው።

ከሻሞኒ ወርደን ኤ40 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወጣን። ናንቱዋ አካባቢ መንገዱ በትልልቅ ድልድዮች ላይ ቆሞ ከገደል ወደ ገደል ይሻገራል፤ ከዚህ መንገድ ሁሉ የሚያምረኝ እዚህ ጋ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ኤ39 ወደ ዲዦን፣ ኤ31 ወደ ላንግር፣ ኤ5 ወደ ትሩዋ፣ ቀጥሎ ኤ26 እስከ ካሌ። ወደ ፓሪስ ሳይጠጉ አገሩን በሰያፍ የሚያቋርጥ መንገድ ነው፤ የእረፍት ማብቂያ ቅዳሜ ላይ እንኳ ከሌላው ይሻላል። ፍጥነቱ በደረቅ መንገድ 130፣ በዝናብ 110 ነው።

ችግሩ ቀጥ ማለቱ ነው። ከዲዦን ወዲህ ሜዳ፣ ስንዴ፣ የንፋስ ተርባይን፣ እንደገና ሜዳ። እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የሚሰርቀው። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ እረፉ ይላል፤ ፈረንሳዮችም በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ እያሉ በመንገዱ ዳር ይለጥፋሉ። ለሥራው የሚከፈላቸው የአውሮፓ የጭነት መኪና ሹፌሮች እንኳ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ሳያርፉ እንዳይነዱ፣ እረፍታቸውም 45 ደቂቃ እንዲሆን በሕግ ተገድደዋል። የእረፍት ተመላሽ ቤተሰብን የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ከራሱ በቀር። ሰውነት ደግሞ በተፈጥሮው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ እንዲሁም ከምሳ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ይዝላል። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ማስጮህ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚያነቃው። የሚሠራው ቆሞ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቶ፣ ቡናው እስኪሠራ ድረስ 15 ደቂቃ ማሸለብ ነው።

ባለቤቴ ከላንግር በኋላ ዝም አለ። እሱ ሲነዳ ማውራት ይወዳል። በኋላ መስታወት ዓይኑን ሳየው ረዘም እያለ ይጨፈናል።

"ደከመህ?" አልኩት።

"ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረን።"

የተኛች የመሰለችኝ እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ልጄ፣ ቤቱ የትም አይሄድ። ቁም" አለችው። እኔ ብናገረው የሚከራከረኝ ሰው ለእሷ "እሺ እማማ" ብሎ ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ገባ።

የፈረንሳይን የመንገድ ዳር ማረፊያዎች ሳላመሰግን አላልፍም። ነዳጅና ምግብ ያለባቸው አሉ፤ ነገር ግን ለእኔ ከእነሱ ይልቅ ዛፍ፣ የእንጨት ጠረጴዛና መጸዳጃ ብቻ ያላቸው ይበልጣሉ። ልጅ ይሮጥባቸዋል፣ አዋቂ እግሩን ያፍታታባቸዋል፣ የሚሸጥ ነገር ስለሌለ ማንም ገንዘብ አያወጣም። እናቴን ክንዷን ይዤ ከዛፍ ዛፍ አመላልሳታለሁ፤ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ መዋል ለእግር የደም ዝውውር ጥሩ ስላልሆነ በየማረፊያው ይህን ማድረግ ልማዳችን ነው። ነዳጅ ግን ከአውራ ጎዳናው ወጥታችሁ ገበያ አዳራሾች ደጃፍ ካሉ ማደያዎች ቅዱ፤ ዋጋው በግልጽ ይቀንሳል።

ያደርነው ትሩዋ አጠገብ ነው። ከኦስታ እስከዚያ ከግማሽ በላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ካሌ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። መንገዱን በአንድ ቀን የሚጨርሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሕፃንና አዛውንት ይዞ ይህን ማድረግ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ያደርንበትን ማረፊያ ቤት ስም አልጠራም። አመሻሽ ላይ ስንደርስ እንግዳ መቀበያው ተዘግቷል፤ በስልክ የላኩልን የበር ቁጥር አይከፍትም። እናቴ በር ላይ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ ሰው እስኪመጣ ጠበቅን። ከዚያ የወሰድኩት አንድ መስፈርት ነው፤ በመንገድ መሀል ለሚታደርበት ቦታ ከአልጋው ምቾትና ከቁርሱ በፊት እስከ ስንት ሰዓት ሰው በር ላይ እንዳለ እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ኤ26 ላይ ያለው መንገድ ታሪክ የሞላበት ነው። የላን ከተማን ስታልፉ ካቴድራሉ በኮረብታው አናት ላይ ከሩቅ ይታያል። አራስ ከተማ ጋ ስትጠጉ የቪሚ ሐውልት ሁለት ነጭ ምሰሶዎች ሰማይ ላይ ቆመዋል፤ በ1936 የተመረቀ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ምድር ላይ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ11 ሺህ በላይ ካናዳውያን ስም የተቀረጸበት ነው። እናቴ ምን እንደሆነ ስነግራት "የሰው ልጅ!" ብላ ከንፈሯን መጠጠች፤ እስኪጠፋባትም ድረስ ዞራ አየችው።

ከካሌ በፊት ባለው የመጨረሻ ማረፊያ የቀረንን የፎንቲና አይብ በዳቦ በልተን ጨረስን። የኦስታ ሸለቆ አይብ ነው፤ እናቴ ወደ ቤት ልትወስደው በጣም ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ብሪታንያ ከኤፕሪል 12 ቀን 2025 ጀምሮ በእንስሳት በሽታ ስጋት ምክንያት ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚመጡ መንገደኞች የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ፣ እንዲሁም ወተትና አይብ ይዘው እንዳይገቡ ከልክላለች። ለስጦታ ብላችሁ የምትገዙ ካላችሁ የወይራ ዘይትና ብስኩት ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለምን መርከቡን ትቼ ባቡሩን?

መርከቡን እወደዋለሁ። ከዶቨር ካሌ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ስንሄድ ልጅቷ ከላይ ወጥታ ነጮቹ የዶቨር ገደሎች ሲርቁ ታያለች፣ ንፋስ ይመታናል፣ ትኩስ ነገር እንበላለን፤ እረፍቱ እዚያው ላይ ይጀምራል። ነገር ግን መርከብ ላይ መኪናው ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድም። መኪናውን ከታች አቁሞ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ከ90 ደቂቃ በኋላ ያንኑ ደረጃ ወርዶ መኪናውን መፈለግ አለ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደረጃው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ አሳንሰሩ ላይ ደግሞ ሁሉም አንድ ጊዜ ነው የሚሰለፈው። የተኛ ሕፃንን ቀስቅሶ ማውጣት፣ ሲያለቅስ ማባበል፣ ገና ሳይረጋጋ መልሶ ቀበቶ ማሰር። መሄጃ ላይ ይህ የጉዞው ደስታ አካል ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቶ ለሚመለስ ቤተሰብ ግን የመጨረሻ አቅሙን የሚጨርስ ነው።

ባቡሩ ላይ ከመኪናው የሚወርድ ሰው የለም። እናቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች፣ ልጅቷ እንደተኛች ትሻገራለች። ለእኔ የዚህ አገልግሎት ዋጋ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ኤ26 ከኤ16 ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በመውጫ 42 መታጠፍ ነው፣ ምልክቱ ግልጽ ነው። መግቢያው ላይ ማሽኑ የመኪናውን ታርጋ በካሜራ አንብቦ ስክሪኑ ላይ ስማችንን አወጣ። ቀድመን ስለደረስን ከተያዘልን ቀደም ያለ ባቡር ላይ ቦታ እንዳለ አሳየን፤ ተቀበልነው። ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ወጣ፤ እሱን የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ማንጠልጠል ነው። አዳራሹ ውስጥ ስክሪኖቹ የትኛው ፊደል ተራ እንደደረሰው ያሳያሉ። መጸዳጃ እዚህ ተጠቀሙ፤ ባቡሩ ላይ ቢኖርም በየፉርጎው አይደለም፣ የሚበላና የሚጠጣም አይሸጥም።

ቀጥሎ ድንበሩ ነው። ፈረንሳይና ብሪታንያ በ1991 የተፈራረሙት የሳንጋት ፕሮቶኮል ሁለቱም አገሮች በሌላው ምድር ላይ ፓስፖርት እንዲያዩ ይፈቅዳል። ስለዚህ የፈረንሳዩን መውጫና የእንግሊዙን መግቢያ ሁለቱንም ኮኬል ላይ፣ ከመኪና ሳትወርዱ ትጨርሳላችሁ። ሌላው ማዶ ስትደርሱ የሚያስቆም ሰው የለም። የፓስፖርቱን መስኮት የደረሰችው አሁንም እናቴ ነበረች፤ አራቱንም ደብተር እንደ ካርታ ዘርግታ ሰጠችው። የእንግሊዙ መኮንን ጎንበስ ብሎ ከኋላ የተኛችውን ልጅ አየ፣ ፎቶዋንም አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እለፉ አለን። በበጋው ቅዳሜና እሑድ ይህ ሰልፍ ይረዝማል፤ እኛ የተመለስነው ማክሰኞ ስለነበር ሞተር ሳናጠፋ ነው ያለፍነው።

የመኪናው አጫጫን በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ባቡሩ 800 ሜትር ገደማ ይረዝማል። መኪናው በጎን በኩል ባለ ሰፊ በር ፉርጎው ውስጥ ይገባና በባቡሩ ውስጥ ወደፊት ይነዳል፤ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው፣ በጎማና በግድግዳው መካከል ጥቂት ስንዝር ብቻ እየቀረ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሠራተኛ ሁለት እጇን ወደ ራሷ እየሳበች ወደ ፊት ጠራችኝ፤ ጣቶቿ ሲዘጉ ቆምኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ከፈትኩ፤ ማስታወቂያው እንዲሰማ ነው። ከዚያ በፊታችንና በኋላችን የእሳት መከላከያ በሮቹ ተዘጉ። ፉርጎው ውስጥ እኛና ጥቂት መኪኖች ብቻ ቀረን። መብራቱ ቢጫ ነው፣ ድምፅ የለም። ሁለቱን እጆቼን ከመሪው አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኋቸው። ከሞን ብላን ጋር አወዳድሩት፤ እዚያ 11.6 ኪሎ ሜትር ትንፋሼን ይዤ ነው የነዳሁት፣ እዚህ 50 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ወንበሬን ወደ ኋላ አስተኝቼ።

ባቡሩ ሲነሳ አይታወቅም። በትንሿ መስኮት ብርሃኑ ጠፍቶ ጥቁር ሲሆን ነው እናቴ የነቃችው። ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች፤ የአየሩ ግፊት ሲለወጥ ትንሽ ይደፍናል።

"አሁን ከባሕሩ ሥር ነን?"

"ገና እየገባን ነው እማዬ።"

"ውኃው ቢገባስ?"

የማውቀውን ነገርኳት። ዋሻው የተቆፈረው ውኃ በማያሳልፍ፣ ኖራና ሸክላ የተቀላቀለበት ለስላሳ አለት ውስጥ ነው፤ ጥልቁ ቦታ ላይ ከውኃው በታች ካለው የባሕሩ መሬት 75 ሜትር ዝቅ ይላል። እንግሊዞች ከዚያ፣ ፈረንሳዮች ከዚህ ቆፍረው ዲሴምበር 1 ቀን 1990 ሁለት ሠራተኞች፣ ግራሃም ፋግና ፊሊፕ ኮዜት፣ በቀዳዳው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ሜይ 6 ቀን 1994 ንግሥት ኤልሳቤጥና ፕሬዚዳንት ሚተራን መረቁት። ሁሉም 50.45 ኪሎ ሜትር ነው፤ 38 ኪሎ ሜትር ያህሉ ከባሕር ሥር ነው፣ በዓለም የዚህን ያህል ከባሕር ሥር የሚሄድ ዋሻ የለም። ደግሞም ዋሻው አንድ አይደለም፤ ሦስት ናቸው። አንዱ ለሚሄድ ባቡር፣ አንዱ ለሚመጣ፣ በመካከላቸው ደግሞ ለሠራተኞችና ለማምለጫ የሚሆን ጠበብ ያለ ሦስተኛ አለ፤ በየ375 ሜትሩ በር አለው። በ1996 የጭነት መኪናዎችን በሚያሻግረው ባቡር ላይ ትልቅ እሳት ተነስቶ ሰዎቹ የወጡት በዚያ በኩል ነው፤ የሞተ ሰው አልነበረም።

እናቴ የያዘችው ሦስተኛውን ነው። "መውጫ ካለው ጥሩ ነው" ብላ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች። ባለቤቴ ከኋላ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ተገላበጠች፣ አልነቃችም። ባቡሩ እስከ 140 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ መኪናዋ ግን በመጠኑ ወዲያ ወዲህ ከመወዝወዝ በቀር ምንም አይሰማትም። እኔም አሸለብኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በመኪናችን ውስጥ አራታችንም አንድ ላይ ያረፍነው እዚያ ብቻ ነው።

ፎልክስተን ስትደርሱ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በእንግሊዝ ሰዓት ከኮኬል ከተነሳችሁበት 25 ደቂቃ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ከፊት ያሉት መኪኖች አንድ በአንድ ወጡ፣ እኛም ወጣን፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኤም20 ላይ ነበርን።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከእንቅልፍ ነቅቶ፣ ድንበር ሳያይ፣ ወዲያው በግራ መንዳት ይጀመራል። ለሳምንታት በቀኝ የነዳ እጅ በቀላሉ አይለምድም። የግራ ጠርዝ ያዙ የሚሉ ምልክቶች በብዙ ቋንቋ ተተክለዋል፤ እኔ ግን ከምልክቱ በላይ የምተማመነው ከባሕሩ ማዶ የተሻለ ያረፈው ሰው መሪውን እንዲይዝ በማድረግ ነው። በኮኬል ሰልፍ ላይ ሳለን ማን እንደሚነዳ እንወስናለን። የፍጥነት ምልክቶቹም በማይል ይሆናሉ፤ 70 ማይል ማለት ወደ 112 ኪሎ ሜትር ነው፣ የፈረንሳዩን 130 የለመደ እግር መታረም አለበት። የፊት መብራት ላይ ለአውሮፓ ብላችሁ የለጠፋችሁት የብርሃን አቅጣጫ መቀየሪያ ካለ አንሱት። ለንደን አጠገብ ዳርትፎርድ ላይ የቴምዝን ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ ክፍያውን የሚቀበል ሰው የለም፤ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ድረስ በኢንተርኔት መክፈል አለባችሁ፣ ድካም ያስረሳል። ከምሽቱ አሥር ሰዓት እስከ ጠዋቱ ስድስት፣ በእንግሊዞች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ነፃ ነው።

ስለ ዋጋው በግልጽ ልናገር፤ ከመርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። የሚከፈለው ግን በሰው ቁጥር ሳይሆን በመኪና ነው፤ መኪናው ሙሉ ከሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ይቀንሳል። እንደየቀኑና እንደየሰዓቱም ይለያያል፤ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ወይም ማልዶና ምሽት ርካሽ ይሆናል። መሄጃውን በመርከብ፣ መመለሻውን በባቡር ለየብቻ መግዛት ይቻላል፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሰዓቱን ስትመርጡ ካርታው ከሚላችሁ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ጨምሩ፤ የባቡር ሰዓት ሊያልፍብኝ ነው ብሎ የሚነዳ ሹፌር ማረፊያ አይገባም። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ቀለል ያለ ሻንጣ ይዛችሁ የምትመለሱ፣ ደረጃ የማያስቸግራችሁ ከሆነ መርከቡ ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት።

ቦታ ስትይዙ የመኪናውን ከፍታ ይጠይቃችኋል። ፖርቶ መጋላው ላይ ሳጥን ካለ ከነሳጥኑ ለኩት፤ ከ1.85 ሜትር በላይ የሆነ መኪና ባለ ሁለት ፎቁ ፉርጎ ውስጥ አይገባም፣ ባለ አንድ ፎቁ ላይ ነው የሚጫነው። በኤልፒጂ ጋዝ የሚሠራ መኪና ደግሞ ጭራሽ አይቀበሉም።